ጭልፋ የሌለበት መጨረሻ

በሩን ስከፍትላት ፋርማሲስቷ ፊቴን አየችና ብብቷ ሥር ያቀፈችውን የመጋረጃ ጥቅል ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ሁሉም።»

የበሩን መቃን ያዘች። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው።

«ኧረ ወንድሜ ደህና ነው! ዳቦ ቤት ነው ያለው። መርከቧ ናት... የጌሙ መርከብ ናት የሰጠመችው።»

«የጌም መርከብ።»

«አዎ።»

«በጠዋቱ፣ ዓይንሽ በርበሬ መስሎ፣ ለጌም መርከብ።» እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። «አንቺ ልጅ፣ ለሰው የምሸጠውን ክኒን ለራሴ ልታስውጪኝ ነው እኮ!»

ፋርማሲስቷ የወንድሜ እጮኛ ናት። ወንድሜ «ዶክተርዬ» ይላታል፤ እሷም «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ከሰለቻት ቆይቷል። በዚያ ዓርብ ጠዋት የመጣችው በእናታችን የስፌት መኪና የመጋረጃዎቹን ጠርዝ ልትሰፋ ነበር። መጋረጃዎቹ ለአዲሱ ቤት ናቸው። አዲሱ ቤት ደግሞ እሷ የተመደበችበት ሆስፒታል ያለበት ከተማ ውስጥ ነው፤ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ያስኬዳል። እዚያ ያለ አንድ ዳቦ ቤትም ወንድሜን ለመቅጠር ተስማምቷል።

ኩሽና ገብታ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። የቤታችንን ዕቃ ከኔ በተሻለ ታውቀዋለች። ውሃው እስኪፈላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየችና ዞር ሳትል፣

«እውነቱን ንገሪኝ። ስለሚሄድ ነው አይደል የምታለቅሺው?» አለችኝ።

«አይደለም። ለመርከቧ ነው።»

አላመነችኝም። እኔም ብሆን ራሴን ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። ግን ለመርከቧም ነበር።

እናታችን ስትሞት እኔ የአሥራ ሁለት፣ ወንድሜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበርን። አባታችን ከዚያ በፊት ነው የሞተው፤ መልኩን የማውቀው በፎቶ ነው። ወንድሜ የቅየሳ ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ላይ ተወና ዳቦ ቤት ገባ። ሊጥ የሚቦካው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ስለሆነ ገና ሳይነጋ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ይተኛል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ እንቅልፍ ላይ ነው፤ እሱ ሲነቃ እኔ የቤት ሥራ ላይ ነኝ። ብቻዬን እንዳልሰለች፣ ይልቁንም ወጥቼ እንዳልጠፋ፣ ከዳቦ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ያገለገለ የጌም ማጫወቻ ገዛልኝ። «ለማንም በር አትክፈቺ። ይኼን ተጫወቺ» አለኝ። ማጫወቻው ውስጥ አንድ የተረሳ ዲስክ ነበር፤ «ሰባተኛው ወደብ»፣ ክፍል አንድ።

ነገሩ ቀላል ነው። አንዲት ካፒቴን አገራቸውን ውሃ የዋጠባቸውን ሰዎች በአሮጌ መርከብ ጭና፣ መኖሪያ የሚሆናቸውን ሰባተኛውን ወደብ ትፈልጋለች። ታሪኩ በሦስት ክፍል እንደሚያልቅ፣ በመጀመሪያው ክፍል የወሰንነው ሁሉ እስከ ሦስተኛው እንደሚከተለን የጌሙ መክፈቻ ላይ ተጽፏል። «አንድም ምርጫ ከንቱ አይቀርም» ይላል። እኛ አመንነው።

እኛ አመንነው የምለው ወንድሜም ስለጀመረ ነው። «እስቲ አሳዪኝ» ብሎ አንድ ቀን ጆይስቲኩን ያዘና ሳይተኛ ዋለ። ከዚያ ወዲያ አንድ መርከብ ለሁለት ሆነች። ችግሩ ሰዓታችን አይገናኝም።

ዳቦ ቤት ውስጥ የርክክብ ደብተር የሚባል ነገር አለ። የሚወጣው ፈረቃ ለሚገባው ይጽፋል፦ «ምድጃ ቁጥር ሁለት በግራ በኩል ያሳርራል። እርሾው ዛሬ ሰንፏል። ዱቄቱ ከአዲሱ ጆንያ ነው፤ ውሃ ቀንሱ።» ተረካቢው አይቶ ይፈርማል። ወንድሜ እንደዚያው ያለ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አምጥቶ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። የዳቦ ቤቱን ሕግም አብሮ አመጣው። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ተረካቢ ሳያይ አይፈርምም። እኛ የጨመርነው አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ማንም ብቻውን አይጫወትም።

«ሰኞ። ሁለተኛው ወደብ ደርሰናል። መልሕቁን አልጣልኩም፤ አንቺ ጣይው። ምሳሽ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቂው።»

«ማክሰኞ። ወንበዴዎቹን አባረርኳቸው። ሒሳብ ከሃያ ሰባት አገኘሁ። እንዳትቆጣ።»

«ረቡዕ። ወንበዴ በማባረርሽ ለምን እቆጣለሁ?»

በቃል ብዙ የምናገር ልጅ አልነበርኩም፤ አሁንም አይደለሁም። ደብተሩ ላይ ግን እጽፋለሁ። ክፍል ውስጥ ሲስቁብኝ፣ እናቴ በሕልሜ ስትመጣ፣ ጡት ማስያዣ ሲያስፈልገኝ፣ ሁሉንም ከካፒቴኗ ወሬ ሥር ጽፌዋለሁ። ወንድሜ ፊት ለፊት አንስቶብኝ አያውቅም። ጽፎ ይመልሳል፤ ወይም ያስፈለገኝን ነገር በማግስቱ አልጋዬ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ።

የመርከቧን ምግብ አብሳይ «ጭልፋ» ያልነው እኛ ነን። ጌሙ ውስጥ ምላስ የሚያስር ረጅም ስም ነበረው። ወፍራም፣ ራሰ በራ ሰው ነው። መርከቧ ወደብ በነካች ቁጥር ከማድ ቤቱ ብቅ ይልና ለካፒቴኗ አንድ ሳህን ሾርባ ይሰጣታል፤ አንድ ቀልድም ይመርቅላታል። ከዚያ ሌላ ለጨዋታው አንዳች የሚፈይደው ነገር የለም። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ማዕበል ተነሣ። የካርታው ሳጥን በአንድ በኩል ወደ ባሕር ይንሸራተታል፤ ጭልፋ በሌላ በኩል በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል። ካፒቴኗ የምትደርስለት ለአንዱ ብቻ ነው። ሃያ ሴኮንድ ሰጡኝ። ወንድሜ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተኝቷል፤ በር ላይ የሰቀለው የሥራ ልብሱ ዱቄት ዱቄት ይሸታል።

«ካርታው ባሕር ገባ» ብዬ ጻፍኩ። «ጭልፋን አወጣሁት። ይቅርታ።»

«ደግ አደረግሽ» ብሎ መለሰ። «ሰው ይበልጣል። እንግዲህ እንዴት እንደምንሄድ እግዜር ይወቀው።»

ሁለተኛውን ክፍል ያለ ካርታ ሄድንበት። ሌላው ሰው ከሚፈጅበት ላይ ዐርባ ሰዓት ጨመረብን፤ እያንዳንዱን ወደብ በጥያቄና በልመና ነው ያገኘነው። ጭልፋ ግን በየወደቡ ሾርባውን አልነፈገንም።

ከዚያ ሦስተኛው ክፍል ቀረ። በሁለት ዓመት ይወጣል ተብሎ ስምንት ዓመት ፈጀ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ወንድሜ የጋጋሪዎቹ አለቃ ሆነ፤ ጉንፋን ይዞት መድኃኒት ሊገዛ ሄዶ እጮኛ ይዞ ተመለሰ። ሰዎች «መቼ ነው የምታገቡት?» ሲሉት፣ «መርከቡን ባሕር ላይ ጥሎ የሚያገባ ካፒቴን የት አያችሁ? ሦስተኛው ይውጣ!» ይላል። ይስቃሉ። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቀች። ቀኑ ሁለት ጊዜ ተገፋ።

ሦስተኛው ከሁለት ወር በፊት ወጣ። እንደ ድሮው በየተራ፣ እየጻፍን ሄድን። የመጨረሻው ምዕራፍ በር ላይ ስንደርስ ወንድሜ መጻፍ አቆመ።

«ዘጠኝ ቀን» አልኳት ፋርማሲስቷን። «ዘጠኝ ቀን ደብተሩን አልነካውም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ትናንት ከሰዓት ላቦራቶሪው መብራት ጠፋና ቀድሜ መጣሁ። ተናደድኩ። ብቻዬን ጨረስኩት።»

«እንዲህ ያለ ወንጀል አለ?»

«እኛ ቤት አለ።»

ሻዩን ቀድታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መጨረሻው እንዴት እንደሆነ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ለጨዋነት ይመስለኛል። ነገርኳት። መርከቧ ጭጋግ ውስጥ ትገባለች። ካፒቴኗ መሪውን ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ ታዙር ብለው ይጠይቁሻል። ወደ ቀኝ አዞርኩ። ከዚያ ዘጠና ሴኮንድ የሚሆን ፊልም አለ። ጭጋግ ይመጣል፣ እንጨት ሲሰበር ይሰማል፣ ካፒቴኗ ብቻዋን አንድ ዳርቻ ላይ ትሄዳለች። ወደብ የለም። ሰዎቹ የት እንደገቡ አይነገርም። ጭልፋ በሕይወት ይኑር ይሙት፣ ስሙ እንኳን አልተጠራም። ከዚያ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ይጀምራል።

«በቃ?»

«በቃ።»

ያልነገርኳት ነገር ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን መጨረሻ በሐሳቤ አይቼዋለሁ። መርከቧ ትደርሳለች፣ ሰዎቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ፣ ጭልፋ መሬት ላይ እሳት ያነዳል። ያን ጊዜ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ወንድሜን «በል ሂድ» የምለው ይመስለኝ ነበር። ጥሩ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

«ሥራ አልበዛበትም» አለች ፋርማሲስቷ። «ከዳቦ ቤት ወጥቶ እኔ ጋ ይመጣል፤ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ከትናንት ወዲያ ምን አለኝ መሰለሽ? 'አንድ ወር ብንገፋውስ?' 'ምነው?' ስለው፣ 'ጌሙ አላለቀም። ሲያልቅ እሄዳለሁ ብያታለሁ።'»

«ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ? ሥራዬ የሚጀምረው በወሩ መጀመሪያ ነው። እሄዳለሁ አልኩት። ከመጣህ መጣህ፣ ካልመጣህ ደግሞ...» ቀሪውን ሻዩ ውስጥ አማሰለችው። «መርከባችሁን አልጠላም። አንቺንማ እወድሻለሁ። ግን ሁለቴ ገፍቻለሁ። ሦስተኛ ከገፋሁ የምሰጥመው እኔ ነኝ።»

ማንኪያዋን ከብርጭቆው አወጣች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቆይ፣ አሁን አልቋል ነው የምትይኝ?»

«አልጻፍኩትም።»

«እና?»

«ካልተጻፈ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው። ሴቭ ያደረግነው ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ነው፤ አሁንም እዚያው አለ። እሱ ቢከፍተው ያልተነካ ነው የሚመስለው።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የናንተ ቤት ሕግ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው ሥራ ይለቃል» አለች። ተነሥታ መጋረጃዋን አነሣች። «እኔ ምንም አልነግረውም። የናንተ የሁለታችሁ ነው።» የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለኝ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ጠብታ ይጮኻል። ጠብታ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ኬሚካሉን ትንፋሹን ይዞ አንድ አንድ ጠብታ ስለሚያንጠባጥብ ነው እንዲህ ያልነው። በሥራው ላይ ሲሆን ዝንብ አያባርርም። ከሥራው ውጭ ግን ምላሱን የሚያቆመው የለም።

«አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት አስጠብቀው ዘጠና ሴኮንድ ጭጋግ! ጭጋግ ማየት ካማረኝ ይኸው!» ከወንዝ የመጣውን ድፍርስ ናሙና አንሥቶ መስኮቱ ላይ አየው። «ይኼ እንኳን ከሥሩ ዝቃጭ አለው። የእነሱ ምንም የለውም።»

«ጠርሙሱን አስቀምጠው፤ ገና አልመዘገብኩትም» አልኩት።

«ዐርባ ሺህ ሰው ፈርሟል፤ ታውቂያለሽ?»

«ምን ብሎ?»

«መጨረሻው ይሠራልን ብሎ ነዋ።»

«መጨረሻ ይሠራል?»

«ቧንቧ ይጠገን የለ?» ጓንቱን እየጎተተ ቀረበኝ። «አንቺ ካርታውን ነው ያዳንሽው ወይስ ወፍራሙን?»

«ወፍራሙን።»

«አይ ሞኝ! እኔ ካርታውን። ሁለተኛውን ክፍል እንደ ንጉሥ ነው የሄድኩበት። ምን አመጣልኝ? የአክስቴ ልጅ እንዳንቺ ወፍራሙን ነበር ያዳነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። ያው ጭጋግ፣ ያው ዘጠና ሴኮንድ፣ ያችው ሴትዮ ብቻዋን ስትሄድ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ጨርሰሻል አይደል?»

«አልደረስኩም» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የጠርሙሱን ቁጥር ሁለት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩ።

«እንግዲያው አትድረሺ! ስሚኝ፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ያሉት፣ ግድ ያልሆኑት ደሴቶች አሉልሽ። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ማንም አይነካቸውም። እዚያው ዓሣ እያጠመድሽ ኑሪ። መጨረሻውን ያላየ ሰው ነው ዛሬ ደስተኛው።»

እየቀለደ ነበር። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሳሰላ ዋልኩ። አሥራ ሁለት ደሴት አለ። በኛ አካሄድ፣ እሱ አንድ ቀን እኔ አንድ ቀን፣ ለአንዱ ደሴት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ሠላሳ ስድስት ቀን። ወንድሜ የጠየቀው አንድ ወር ነው። መዋሸት እንኳን አያስፈልገኝም፤ አለመጻፍ ብቻ ነው። ድፍርስነቱን የሚለካው መሣሪያ ቁጥሩን እያበራ ሲጠብቀኝ፣ እኔ ሠላሳ ስድስት ቀን ውስጥ ስንት ምሳ አብረን እንደምንበላ እቆጥራለሁ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወንድሜ መጣ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ፤ ለዓመታት ነግሬው የተውኩት ነገር ነው። ብብቱ ሥር ሁለት ዳቦ ይዟል። ፋርማሲስቷ በውስጠኛው ክፍል የቀሩትን መጋረጃዎች ትሰፋለች።

«እታለም፣ ጠፋሁብሽ አይደል?» አለኝ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሳይተኛ ማጫወቻው ፊት ተቀመጠ። «ዛሬ አለሁ። በሩ ላይ ነን አይደል?»

«አዎ።»

ጆይስቲኩን አንሥቶ አዙሮ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። የእጁ አንጓ ላይ አዲስ የምድጃ ቃጠሎ አለ።

«እያሰብኩ ነበር» አለ። «ደሴቶቹን ሳንነካ ማለፋችን ደስ አይልም። ብዙ ናቸው ይላሉ። ስንት ዓመት ጠብቀን ምን ያቻኩለናል? አንድ በአንድ እያየናቸው ብንሄድ... ምን ትያለሽ?»

በውስጠኛው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

ወንድሜ ወደኔ አይመለከትም። ስክሪኑ ላይ መርከቧ በጭጋጉ አፋፍ ቆማ ትወዛወዛለች። እሺ ማለት ሁለት ፊደል ነው። አፌን ከፈትኩ። «ሂድ» ማለትም ሁለት ፊደል ነው፤ እሱም አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ደብተሩን አነሣሁ። አራተኛው ደብተራችን ነው። ቆሜ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፤ እስክሪብቶው እየተቋረጠ አስቸገረኝ። ከዚያ ሰጠሁት።

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻዬን ጨረስኩት። ዘጠኝ ቀን ስላልጻፍክ ተናድጄ ነው። መርከቧ ጭጋግ ውስጥ ትሰጥማለች። ጭልፋ አይታይም። መጨረሻው ጥሩ አይደለም፤ ግን አልቋል። ደሴቶቹን ተዋቸው። መጋረጃዎቹ ቆንጆ ናቸው።»

አነበበው። ከላይ ጀምሮ ደግሞ አነበበው። ይቆጣል ብዬ ዓይኔን ወደ መስኮቱ የመጋረጃ ዘንግ አሸሸሁ።

«አይታይም ማለት?» አለኝ።

«አይታይም።»

«ጭልፋ? ጭራሽ?»

«ስሙም አልተጠራም።»

«ሾርባ እንኳን?»

«ሾርባ እንኳን።»

«እነዚህ ሰዎች!» ብሎ ተነሣ፤ ዞሮ ተቀመጠ። «እኔ አሁን ሰው ጋ እንግዳ ይዤ ሄጄ፣ ስመለስ 'እንግዳህስ?' ቢሉኝ 'ጭጋግ ነበር' እላለሁ?»

«ዐርባ ሺህ ሰው ፈርሟል።»

«ይፈርማላ!» ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካርታውን ብንይዝስ ኖሮ?»

የፈራሁት ይኼን ጥያቄ ነበር። ስለ ጌሙ ብቻ እየጠየቀ ይሁን አላውቅም። የሁለተኛ ዓመት የቅየሳ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ናቸው፤ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

«ያው ነበር» አልኩት። «ጠብታ ካርታውን ነበር የያዘው። ጎን ለጎን አድርገው አይተውታል። አንድ ነው።»

«አንድ ነው?»

«አንድ ነው።»

ደብተሩን ከደነው። ከዚያ ቅንድቡን አሸት አሸት አደረገና ዱቄቱ ጉንጩ ላይ ወረደ።

«እንግዲያው እኛ ነን ያተረፍነው» አለ።

«ምን?»

«ሾርባውን ነዋ። ጠብታ ካርታውን ይዞ በጊዜ ሰጠመ። እኛ ዐርባ ሰዓት ሾርባ ስንጠጣ ቆይተን ሰጠምን።»

መጀመሪያ የሳቀችው ፋርማሲስቷ ናት፤ ከውስጥ፣ መጋረጃ አፏ ላይ አድርጋ መሰለኝ። ከዚያ እኔ። ወንድሜ መጨረሻ ላይ ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«ዶክተርዬ፣ ትሰልይናለሽ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ምን አባቴ ላድርግ፤ ክር አልቆብኝ ነው!» አለች።

ሳቁ ሲያልቅ ወንድሜ ወደኔ ዞረ። በዚያ ቀን ፊት ለፊት ያየኝ ያን ጊዜ ነው።

«ብቻሽን ትሆኛለሽ» አለኝ።

«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«እሱማ ነው።»

«ለማንም በር አልከፍትም።»

ከንፈሩን ነከሰ። ሊስቅ ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ አላየሁም፤ እኔም ሌላ ቦታ እያየሁ ነበር። ከዚያ ጆይስቲኩን አነሣ።

«አልቋል እኮ አልኩህ» አልኩት።

«ተረካቢ ሳያይ አይፈርምም።»

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፋርማሲስቷም መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አንገቷ ላይ የልኬት ሜትር አንጠልጥላለች። መርከቧ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። እኔ ወደ ቀኝ አዙሬ ስለነበር እሱ ወደ ግራ አዞረ። ዘጠና ሴኮንድ ያንኑ አየን። እንጨቱ ሲሰበር ፋርማሲስቷ «ውይ!» አለች። ካፒቴኗ ብቻዋን በዳርቻው ሄደች። ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ ማንም አልተነሣም፤ ድሮም እስከ መጨረሻው ነው የምናያቸው። ወንድሜ ዳቦውን ቆርሶ ለሁለታችን ሰጠን። ገና ሞቅ ያለ ነበር።

«እኔ ይኼን ያህል መጥፎ አይደለም ብዬ ነበር» አለች ፋርማሲስቷ እየላመጠች። «በጣም መጥፎ ነው።»

«አይደል?» አልናት፣ ሁለታችንም አንድ ላይ።

ወንድሜ እስክሪብቶውን እያራገፈ ደብተሩ ላይ ጻፈ፦ «ቅዳሜ። አይቻለሁ። ተረክቤያለሁ።» ፈረመበት። ከፊርማው ሥር ደግሞ፣ «መጋረጃዎቹን እኔም ወድጃቸዋለሁ» ብሎ ጨመረ። ከዚያ ተኛ። እስከ ማታ አልነቃም።

ሰኞ ለጠብታ እውነቱን ነገርኩት። «ውሸታም!» አለኝ፣ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፊርማ የሚሰበሰብበትን ገጽ ከፈተልኝ። ፈረምኩ። አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሌላው ሰው ሁሉ ብዙ ነገር ጽፏል። እኔ «ምግብ አብሳዩ ከተረፈ አንድ ሰው ይንገረን» ብቻ አልኩ። ጠብታ በትከሻዬ በኩል አነበበውና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጓንቱን አጠለቀ።

በወሩ መጀመሪያ ወንድሜና ፋርማሲስቷ በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄዱ። ማጫወቻውን ለኔ ተወልኝ፣ ደብተሩን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ደብተሩ በዚያው አውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ታሥሮ ተመልሶ መጣ። «እዚህ ምድጃው በቀኝ በኩል ነው የሚያሳርረው። እርሾው ጎበዝ ነው። መጋረጃዎቹ አንድ ክንድ አጥረዋል፤ እንዳትነግሪያት። ምን በላሽ?» ይላል። ተቀምጬ የበላሁትን ጻፍኩና ማክሰኞ ጠዋት ለሹፌሩ ሰጠሁት።